ሌቭ ላንዳው፦ ከስሌት በፊት ማሰብን ያስተማረ ሊቅ

በዛሬው ዝግጅታችን የአንድ የፊዚክስ ሊቅ የሕይወት ታሪክ ይዘን ቀርበናል። ሊቁ ሌቭ ዳቪዶቪች ላንዳው ይባላል። ከሞተ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። ይሁን እንጂ ዛሬ በዓለም እጅግ ትላልቅ በሆኑ ኮምፒዩተሮች የአንዳንድ እንግዳ ቁሶችን ጠባይ የሚያጠኑ ተመራማሪዎች ብዙውን ጊዜ ሥራቸውን የሚጀምሩት እሱ ከተወው ሐሳብ ነው።

እኛ እጩ መምህራን ደግሞ ላንዳውን ማወቅ የሚገባን በሌላም ምክንያት ነው። ሰውየው ተመራማሪ ብቻ ሳይሆን አስተማሪም ነበር፤ ያውም ተማሪዎቹ የት እንደደረሱ ሲታይ ጥቂቶች ብቻ የሚስተካከሉት አስተማሪ። በጽሑፋችን ውስጥ የሚገኙት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እንገልጻለን።

ልጅነቱና ትምህርቱ

ላንዳው ጥር 22 ቀን 1908 በባኩ ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። ከሰቃ እስከ ጅማ ያለው አካባቢያችን በቡና እንደሚታወቅ ሁሉ ባኩም በነዳጅ ዘይት የታወቀች ከተማ ነበረች፤ አባቱም የነዳጅ ዘይት መሐንዲስ ነበር። እናቱ ሐኪም ነበረች። ልጁ በሒሳብ ከእኩዮቹ እጅግ ቀደመና ገና በ13 ዓመቱ የትምህርት ቤቱን ትምህርት ጨረሰ። ወላጆቹ ግን ለዩኒቨርሲቲ ዕድሜው ገና ነው ብለው አንድ ዓመት ሌላ ትምህርት ቤት አቆዩት። በ14 ዓመቱ ባኩ ዩኒቨርሲቲ ገባ። በ1924 ወደ ሌኒንግራድ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ፤ በ1927 ሲመረቅ የ19 ዓመት ወጣት ነበር። በእኛ ዕድሜ ማለት ነው!

ከ1929 እስከ 1931 በጀርመን፣ በስዊዘርላንድ፣ በዴንማርክና በሌሎችም አገሮች እየተዘዋወረ ከዘመኑ ታላላቅ ሊቃውንት ጋር ሠራ። ከሁሉም በላይ ልቡን የማረከው በኮፐንሀገን ያገኘው ኒልስ ቦር ነበር። ቦር በዙሪያው ወጣቶችን ሰብስቦ በነፃነት የሚያከራክር ሰው ነው። ላንዳው እስከ ዕድሜው መጨረሻ ራሱን የቦር ተማሪ አድርጎ ይቆጥር ነበር። በኋላ ራሱ መምህር ሲሆን ያንን የክርክር ልማድ ይዞ ሄደ።

የካርኮቭ ዘመንና የታወቀው ፈተና

በ1932፣ ገና በ24 ዓመቱ፣ በካርኮቭ የፊዚክስና ቴክኒክ ተቋም የቲዎሪ ክፍል ኃላፊ ሆነ። ታዲያ እዚያ እንደደረሰ አንድ ነገር አስጨነቀው። ወጣቶቹ የፊዚክስን አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ይዘው ሌላውን አያውቁም ነበር። እሱ ደግሞ ፊዚክስ አንድ ነው፣ ከፋፍሎ ማወቅ አለማወቅ ነው የሚል እምነት ነበረው። ስለዚህ «ቲዎረቲካል ሚኒመም» የሚባል የፈተና ሰንሰለት አዘጋጀ። ከሒሳብ ጀምሮ እስከ ኳንተም መካኒክስና ከዚያም በላይ ማንኛውም የቲዎሪ ፊዚክስ ሰው ሊያውቀው የሚገባውን ዝቅተኛ እውቀት የሚጠይቅ ነበር። ዝቅተኛ ይባል እንጂ ተራራ ነው!

የፈተናው አሰጣጥ ራሱ ያስገርማል። በኋላ በሞስኮ ዘመኑ ማንም ወጣት ያለ አማላጅና ያለ ማስረጃ ስልክ ደውሎ ልፈተን ማለት ይችል ነበር። ላንዳው ቤቱ ይጠራውና ጥያቄ ሰጥቶት ለብቻው አንድ ክፍል ውስጥ ይተወዋል። አልፎ አልፎ ብቅ እያለ የደረሰበትን ያያል። የሚመለከተው መልሱን ብቻ ሳይሆን ልጁ በየትኛው መንገድ እንደሄደ ነበር። እስከ 1961 ድረስ ፈተናውን በሙሉ ያለፉት 43 ሰዎች ብቻ ናቸው። ስማቸውን ላንዳው ራሱ መዝግቦ ይዟል። ከነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ በኋላ ስመ ጥር ሳይንቲስቶች ሆነዋል።

ከጓደኛው ከኤቭጌኒ ሊፍሺትዝ ጋር የቲዎሪ ፊዚክስ መማሪያ መጻሕፍቱን ማዘጋጀት የጀመረውም በዚያው በካርኮቭ ነው። ላንዳው መናገር እንጂ መጻፍ አይሆንለትም ነበር፤ ብዕሩን የያዘው ሊፍሺትዝ ነው። አሥረኛው ቅጽ የታተመው ላንዳው ከሞተ በኋላ በ1979 ሲሆን መጻሕፍቱ በብዙ ቋንቋዎች ተተርጉመው ዛሬም ይነበባሉ።

ስለ ጠባዩ ግን እውነቱን እንናገር። ላንዳው አንደበቱ ስለታም ነበር። ያልበሰለ ሐሳብ ይዞ የመጣውን ሰው በጉባኤ መካከል ያሳፍር ነበር። በዚህ ምክንያት ሐሳባቸውን ለማቅረብ የፈሩ ሰዎች ነበሩ። ይህ ነገር ምን እንዳስከተለ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

እስር ቤት

በዚያ ዘመን በሶቪየት ኅብረት በስታሊን አገዛዝ ብዙ ሰዎች ያለ ጥፋታቸው ይታሰሩና ይገደሉ ነበር። የካርኮቩ ተቋምም አልተረፈም። የላንዳው የቅርብ ጓደኛ ሌቭ ሹብኒኮቭ በዚያ ተቋም የከፍተኛ ቅዝቃዜ ቤተ ሙከራ ኃላፊ ነበር። በብረታ ብረት ቅይጥ ላይ ትልቅ ግኝት ባስገኘበት ጊዜ፣ በ1937፣ ተይዞ በጥይት ተገደለ። ዕድሜው 36 ነበር።

ላንዳው በዚያው ዓመት ወደ ሞስኮ ሄዶ ፒዮትር ካፒትሳ በሚመራው የፊዚክስ ተቋም ተቀጠረ። ነገር ግን በሚያዝያ 1938 መጨረሻ እሱም ታሰረ። ስታሊንን የሚያወግዝ በራሪ ወረቀት በማዘጋጀት ሥራ ተሳትፎ ነበርና ነገሩ የሞት ፍርድ የሚያስከትል ነበር። አንድ ዓመት በእስር ቆየ፤ ሰውነቱም እጅግ ተጎዳ።

ያዳነው የካፒትሳ ድፍረት ነው። ካፒትሳ በታሰረበት ዕለት ለስታሊን ደብዳቤ ጻፈ፤ መልስ አላገኘም። ከወራት በኋላ ለሞሎቶቭ በድጋሚ ጻፈ። እሱ በቅርቡ ያገኘውን አስደናቂ የሂሊየም ፈሳሽ ጠባይ ሊያስረዳ የሚችለው ላንዳው ብቻ እንደሆነ ገለጸ። በመጨረሻም በራሱ ኃላፊነት ዋስ ሆኖ አስፈታው። በዚያ ጊዜ ለታሰረ ሰው ዋስ መሆን ማለት እኮ የራስን አንገት ማስያዝ ነበር።

ላንዳው ከእስር ወጥቶ ውለታውን በሥራ መለሰ። በ1941 ፈሳሽ ሂሊየም ከ271 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ከዜሮ በታች ሲቀዘቅዝ ለምን ያለ አንዳች ሰበቃ እንደሚፈስ የሚያስረዳ ንድፈ ሐሳብ አቀረበ። በ1962 የኖቤል ሽልማት ያስገኘለት በተለይ ይህ ሥራው ነው። ክሱ በይፋ የተሰረዘለት ግን በ1990፣ ከሞተ ከ22 ዓመት በኋላ ነበር።

ሱፐርኮንዳክተርና የላንዳው ሞዴል

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር እንግባ። ኤሌክትሪክ በመዳብ ሽቦ ሲያልፍ ሽቦው ይሞቃል፤ ኃይሉ በከፊል በመንገድ ላይ ይባክናል። በ1911 ካመርሊንግ ኦነስ የተባለ ሆላንዳዊ ሜርኩሪን ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ገደማ ድረስ አቀዘቀዘው። ያን ጊዜ ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ በድንገት ድርግም ብሎ ጠፋ። እንዲህ ያለው ቁስ ሱፐርኮንዳክተር ይባላል። በውስጡ አንድ ጊዜ የተነሳ ፍሰት ባትሪ ሳያስፈልገው ይዞራል። ከዚህም ሌላ የማግኔት ኃይልን ከውስጡ አስወጥቶ ይጥላል።

ምክንያቱ ምንድን ነው? ወደ 40 ዓመት ገደማ ማንም ሊመልሰው አልቻለም። ላንዳውና ቪታሊ ጊንዝበርግ በ1950 መፍትሔ ይዘው ሲቀርቡ ግን ምክንያቱን አልጠበቁም። በሌላ በር ገቡ።

በሩን ለመረዳት የአንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ በጠዋት እንመልከት። ደወል ሳይደወል ልጆቹ ወዲያና ወዲህ ይራወጣሉ። ደወሉ ሲደወል ለሰንደቅ ዓላማ ይሰለፋሉ። አንድ ሰው ከሩቅ ሆኖ የሰልፉን ሁኔታ በአንድ ቁጥር ግለጽ ቢባል፣ ሰልፍ ከሌለ ዜሮ፣ ሰልፉ እየተስተካከለ ሲሄድ ከፍ ያለ ቁጥር ይሰጣል። የእያንዳንዱን ልጅ ስምና ሐሳብ ማወቅ አያስፈልገውም። ላንዳው በ1937 ያስተማረው ይህን ነው። አንድ ቁስ ከአንድ ሁኔታ ወደ ሌላ ሲሸጋገር የውስጡን ሥርዓት የሚለካ አንድ መጠን ፈልግ። ከዚያ የቁሱ ጉልበት በዚህ መጠን እንዴት እንደሚለዋወጥ ሲሜትሪው የሚፈቅዳቸውን ጥቂት አባባሎች ብቻ ተጠቅመህ ጻፍ። የቀረውን ተው።

በ1950 ይህንኑ ወደ ሱፐርኮንዳክተር አመጡት፤ አንድ ነገርም ጨመሩ። ሰልፍ ከመሐል ጠንክሮ ከዳር ሊላላ ይችላል። ሥርዓቱም እንዲሁ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ከሙሉ ወደ ባዶ ለመውረድ ጥቂት ርቀት ይፈልጋል። የማግኔት ኃይልም ወደ ቁሱ ጥቂት ርቀት ይዘልቃል። የሁለቱ ርቀቶች ንጽጽር የቁሱን ጠባይ ይወስናል። በቃ፣ ሞዴሉ ይኸው ነው! ሁለት እኩልዮሽ ብቻ።

ተማሪው መምህሩን ሲቀድም

ቅድም ወደ ኋላ እንመለስበታለን ያልነው ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። ላንዳውና ጊንዝበርግ ያጠኑት ሥርዓቱ የሚለወጥበት ርቀት ረዘም ያለበትን ጉዳይ ነበር። ተገላቢጦሹን ያጠናው የላንዳው ተማሪ አሌክሲ አብሪኮሶቭ ነው። የማግኔት ኃይሉ ጨርሶ ከመባረር ይልቅ በቀጫጭን ክሮች መልክ ወደ ውስጥ እንደሚገባ በስሌት አገኘ። ሐሳቡን ለመምህሩ ሲያቀርብ ላንዳው አልተቀበለውም። አብሪኮሶቭ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ዘጋበት፤ የታተመው በ1957 ነው። ያ ስሌት ሟቹ ሹብኒኮቭ ከሃያ ዓመት በፊት በቅይጥ ብረቶች ላይ ያየውን ነገር አስረዳ። ሹብኒኮቭ በሕይወት ቢኖር ኖሮ ምን ያህል ቀደም ብሎ ይታወቅ ነበር!

ዛሬ በትላልቅ ሆስፒታሎች የሰውነትን ውስጥ የሚያሳየው ኤም አር አይ የተባለው መሣሪያ በአብዛኛው ማግኔቱ የሚሠራው እንደዚህ ካለው ሱፐርኮንዳክተር ነው። አብሪኮሶቭና ጊንዝበርግ በ2003 ከአንቶኒ ሌጌት ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል።

ላንዳውና ታላቁ ስሌት

ላንዳው በእርሳስና በወረቀት ብቻ የኖረ ሰው የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በሶቪየት የኒውክሌር ጦር መሣሪያ ሥራ የስሌት ክፍል እንዲሠራ ተደረገ። በአገሩ ኮምፒዩተር ገና አልተስፋፋም ነበር። ስለዚህ ናኡም ሜይማን የተባለ የሒሳብ ሰው የሚመራቸው ከ20 እስከ 30 የሚሆኑ ወጣት ሴቶች በኤሌክትሪክ ማስያ መኪና ላይ ተቀምጠው ስሌቱን ደረጃ በደረጃ ይሠሩ ነበር። ማለትም ኮምፒዩተሩ ሰው ነበር።

እዚያ ላይ አንድ ችግር ተነሳ። ረጅም ስሌት በትንንሽ እርምጃ ሲሠራ ትንሿ ስህተት ከአንዱ እርምጃ ወደሚቀጥለው እያደገች ትሄዳለች። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው ሁሉ፣ መጀመሪያ ላይ ምንም የማይመስል ነገር በመጨረሻ ውጤቱን በሙሉ ያበላሸዋል። ላንዳው፣ ሜይማንና ኢሳክ ካላትኒኮቭ ስሌቱ እንዳይናጋ የሚያደርግ ዘዴ አወጡ። ይህ ጥያቄ ዛሬም በየኮምፒዩተሩ ውስጥ አለ። ላንዳው ግን ሥራውን የሠራው በውዴታ ሳይሆን ከፍርሃት የተነሳ ነበር። በ1953 ስታሊን ሲሞት ራሱን ከዚያ ሥራ አገለለ።

አደጋውና ሞቱ

ጥር 7 ቀን 1962 ላንዳው 54 ዓመት ሊሞላው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ከሞስኮ ወደ ዱብና በመኪና ይጓዝ ነበር። መንገዱ በበረዶ የተሸፈነ ነበርና መኪናው ከጭነት መኪና ጋር ተጋጨ። አጥንቱ ተሰባበረ፤ የራስ ቅሉ ተጎዳ፤ ለሳምንታት ራሱን ሳተ። ያን ጊዜ የሥራ ባልደረቦቹና ተማሪዎቹ በየተራ ሆስፒታል እያደሩ መድኃኒትና መሣሪያ ያፈላልጉ ጀመር። ከውጭ አገር የሚገኙ የፊዚክስ ሰዎችም መድኃኒት በአውሮፕላን ላኩ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ ሞትን ለስድስት ዓመት አስረው አቆዩት። የኖቤል ሽልማቱን በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር የስዊድን አምባሳደር ሞስኮ ሆስፒታል ድረስ ሄደው ሰጡት። የቀድሞው የማሰብ ኃይሉ ግን አልተመለሰም። ሚያዝያ 1 ቀን 1968 በ60 ዓመቱ አረፈ።

ከሱ በኋላ የመጣው እንቆቅልሽ

ላንዳው በሕይወት ሳለ፣ በ1957፣ ሦስት አሜሪካውያን፣ ባርዲን፣ ኩፐርና ሽሪፈር፣ የሱፐርኮንዳክተርን ምክንያት አገኙ። ኤሌክትሮኖች በብረቱ አቶሞች መርገብገብ አማካይነት ጥንድ ጥንድ እየሆኑ አብረው ይጓዛሉ። በ1959 ሌቭ ጎርኮቭ የላንዳውና የጊንዝበርግ እኩልዮሾች ከዚሁ ንድፈ ሐሳብ ተጠቅልለው እንደሚወጡ አሳየ። ምክንያቱ ሳይታወቅ የተጻፈው ሞዴል ትክክል ሆኖ ተገኘ ማለት ነው!

በ1986 ግን ቤድኖርዝና ሙለር መዳብና ኦክስጅን ባለበት ሸክላ መሰል ቁስ ውስጥ እንግዳ ሱፐርኮንዳክተር አገኙ። በዓመቱ ደግሞ ከዜሮ በታች 180 ዲግሪ ገደማ ላይ የሚሠራ ተገኘ። ለኛ ይህ ከባድ ቅዝቃዜ ነው፤ ለፊዚክስ ሰዎች ግን ሙቀት ነበር። የዚህ ቁስ ሥርዓትም ይለያል። አንድ አምባሻ በአራት እኩል ቢቆረጥና ሁለቱ ፊት ለፊት ያሉት ቁራጮች የመደመር፣ ሌሎቹ ሁለቱ የመቀነስ ምልክት ቢጻፍባቸው፣ በቢላው መስመር ላይ ደግሞ ዜሮ ቢሆን፣ የጥንዶቹ ሥርዓት እንደዚያ ነው። በ1990ዎቹ የተደረጉ ሙከራዎች ይህንን አረጋግጠዋል። የላንዳው መንገድ እዚህም ይሠራል፤ የሚለወጠው በውስጡ የሚገባው ሲሜትሪ ነው። ጥንዶቹን ያያያዛቸው ምን እንደሆነ ግን ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ አልተስማሙም።

ለምን በኮምፒዩተር አይሰላም? የሚል አይጠፋም። ይሰላል እንጂ! በ1963 ጆን ሀባርድና ሌሎችም ያቀረቡት ሞዴል አለ። የገበጣ ሰሌዳ አስቡ። እያንዳንዱ ጉድጓድ አራት ዓይነት ሁኔታ ይኖረዋል፤ ባዶ ይሆናል፣ ወይም ሽክርክሪቱ ወደ ላይ የሆነ አንድ ኤሌክትሮን፣ ወይም ወደ ታች የሆነ አንድ፣ ወይም ሁለቱንም ይይዛል። ጉድጓዶቹ 10 ቢሆኑ ሁኔታዎቹ 1,048,576 ናቸው። 20 ቢሆኑ 1,099,511,627,776 ይደርሳሉ። አንድ ጉድጓድ በጨመርን ቁጥር በአራት እጥፍ ይበዛል። የትኛውም ኮምፒዩተር ቢሆን ይህን ሁሉ እያንዳንዱን ቆጥሮ ሩቅ አይሄድም። ስለዚህ ዛሬም ቢሆን የሚተወውንና የሚያዘውን የሚመርጥ ሰው ያስፈልጋል። ኮምፒዩተሩ ያፈጥናል፤ ምርጫው የሰው ነው።

እኛስ ምን እንማራለን?

ብዙዎቻችን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን ፊዚክስን የተማርነው ቀመር ከጥቁር ሰሌዳ ወደ ደብተር በመገልበጥ ነው። የቱ ዋና፣ የቱ ትርፍ እንደሆነ የሚነግረን አልነበረም። ነገ ሰቃም ሆነ ሌላ የገጠር ትምህርት ቤት ስንመደብ በእጃችን የሚኖረው ጠመኔና ሰሌዳ ብቻ ሊሆን ይችላል። ሆኖም ከአንድ ጉዳይ ውስጥ ዋናውን ለይቶ ማውጣትን ለልጆች ለማስተማር ከጠመኔ የበለጠ አያስፈልግም። ልጁ መልሱን ሲስት ብቻ ሳይሆን ሲያገኝም በየት በኩል እንደሄደ እንጠይቀው።

ከላንዳው ጠባይ ደግሞ የማንወስደው አለ። የአብሪኮሶቭ ወረቀት መሳቢያ ውስጥ የቆየው መምህሩ ታላቅ ስለነበረ ነው። ታላቅ ሰው እምቢ ሲል ተማሪ ዝም ይላል። በእኛም ክፍል እጁን አውጥቶ የኛን ቃል የሚጠራጠር ልጅ ይነሳ ይሆናል። ያን ልጅ ከማሳፈራችን በፊት እስከ መጨረሻው እንስማው።

ካፒትሳንም አንርሳ። ደብዳቤዎቹ ባይጻፉ ኖሮ የሂሊየሙ ንድፈ ሐሳብም፣ የ1950ው ሞዴልም፣ ብዙዎቹ ተማሪዎችም ባልኖሩ ነበር። ሹብኒኮቭ ግን እንዲህ ያለ ዕድል አላገኘም። ስለዚህ የአንድ ሊቅ ታሪክ የአንድ ሰው ታሪክ ብቻ አይደለም፤ ከጎኑ የቆሙትም፣ የሚቆምላቸው ያጡትም ታሪክ ነው።